ልክ የመሰለ ብሎን

በአሜሪካ በብዙ የአደን ጠመንጃዎች ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር የሚቀመጥበትን ሐዲድ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያስረው 6-48 የተባለው ብሎን ነው። 6 ቁጥሩ ውፍረቱን፣ ማለትም 0.138 ኢንች ወይም 3.5 ሚሊሜትር ገደማን ሲያመለክት፣ 48 ደግሞ በአንድ ኢንች ርዝመት ያሉትን ጥርሶች ይቆጥራል።

ብሎኑ የጠፋበት ሰው በተራ መደብር በቀላሉ የሚያገኘው ግን በዚያው ውፍረት ባለ 32 ወይም ባለ 40 ጥርሱን ነው። ውፍረታቸው አንድ በመሆኑ ዓይን ይታለላል፤ በጉልበት ሲጠብቅም የቀዳዳው ጥርስ ይበላል። ብሎን በቀላሉ ይተካል፤ ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ግን ሰፋ ተደርጎ ለ8-40 ብሎን እንደገና ጥርስ እንዲወጣለት ባለሙያ ይሻል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ጥርሱን በመለኪያ አረጋግጡ፤ ርዝመቱንም ከነባሮቹ ጋር አስተያዩ። አዲሱ ብሎን በጣት ብቻ ጥቂት ዙር ካልገባ፣ መፍቻ አታንሡ።