የጠፋው ገንዘብ

በሰሜን ሸዋ ገጠር አንድ ቤት አለ። በቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት እናት፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሦስት የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ስማቸውን አንጽፍም። ቤቱን የማውቀው በዝምድና ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እናቲቱ መቀነታቸውን ዳበሱ። ገንዘቡ የለም። «ሌባ! ገንዘቤን ወሰድሽው!» ብለው በምራታቸው ላይ ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ኧረ እማማ፣ እኔ አልነካሁም» አለች ምራቲቱ። ማን ይስማት! ከሦስት ቀን በኋላ ገንዘቡ ከጤፉ ጎታ ውስጥ ተገኘ። ያስቀመጡት ራሳቸው ነበሩ። አስቀምጠው ረሱት።

በሳምንቱ ደግሞ ጠፋ። ደግሞም ምራቲቱ ተሰደበች። ባልየው መሐል ላይ ቆሞ ተጨነቀ። «እናቴን ልመን ወይስ ሚስቴን?» አለ። እሷም ልብሷን ቋጥራ ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ተነሣች። ትዳሩ ሊፈርስ አንድ ሐሙስ ቀረው።

እኚህ እናት ክፉ ሰው አልነበሩም። በደግነታቸው አገር ያውቃቸዋል። ግን በዚያው ወራት ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩበት ነበር። ቡና ጥደው ይረሳሉ። የልጅ ልጃቸውን በሞተው ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ሲመሽ ደግሞ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፤ ያውም ቤታቸው ተቀምጠው።

አንዱ «ጃጅተው ነው» አለ። አንዱ «ቡዳ ነው» አለ። ሌላው «ምራቲቱ አንድ ነገር አስነክታቸው ነው» አለ። ይኼኛው ወሬ ከሁሉም የከፋ ነበር።

ነገሩ ግን በሽታ ነው። የመርሳት በሽታ ይባላል። ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ነው። ስሙ የተወሰደው አሎይስ አልዛይመር ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትዮዋ ስሟን ጻፊ ስትባል ጀምራ መጨረስ ያቅታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማጉያ መነጽር አየው። ተጎድቶ አገኘው። እንግዲህ በሽታው ያለው አንጎል ውስጥ ነው። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ ሰዎችን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት እንደ እኛ ገቢያቸው አነስተኛ በሆነና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም። ስለዚህ ትልቁ መድኃኒት አያያዝ ነው።

ባልየው እናቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ደግ አደረገ። መርሳት ሁሉ አንድ አይደለምና። ሰው ደህና ውሎ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ቢዘባርቅ፣ ወባ ሊሆን ይችላል። የሽንት ሕመም ወይም የውኃ ጥም ሊሆን ይችላል። ይህ በቶሎ ከታከመ ይድናል። «እርጅና ነው» ብሎ መተው ሰው ይገድላል። ጆሮ ሲደነቁር፣ ዓይን በሞራ ሲሸፈን፣ ሐዘን ሲበረታም ሰው የጃጀ ይመስላል። የእናቲቱ ግን ቀስ እያለ የመጣ ነበር። ባለሙያው የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ ለምራቲቱ አንድ ነገር መከራት። «አትከራከሪያቸው» አላት።

ይህ ከባድ ምክር ነው። በሐሰት ሌባ የተባለ ሰው እንዴት ዝም ይላል? ግን አስቡት። በዚህ በሽታ የዛሬው ነገር ቀድሞ ይጠፋል። የድሮው ይቆያል። ጠዋት የበሉትን ይረሳሉ፤ የሠርጋቸውን ቀን ግን ያወሩላችኋል። ገንዘቡን ማስቀመጣቸው ከአንጎላቸው ጠፍቷል። ስለዚህ «ራስዎ ነዎት ያስቀመጡት» ቢባሉ፣ ለእርሳቸው ውሸት ነው።

አሁን ገንዘብ ሲጠፋ ምራቲቱ «ጠፋ እንዴ? ኑ እማማ፣ አብረን እንፈልግ» ትላለች። የሚደብቁበትን ሦስት ቦታ አውቃዋለች። «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉም «ቤትዎ እኮ ነው» አትልም። እጃቸውን ይዛ ጓሮውን ታዞራቸዋለች፤ ስለ አባታቸው ቤት ትጠይቃቸዋለች። ሲመለሱ ረስተውታል።

እጅ ደግሞ ከአፍ ይልቅ ያስታውሳል። እናቲቱ ቀኑን አያውቁም፤ ጥጥ መፍተል ግን ያውቁበታል። ቡና ይለቅማሉ። ክሩ ቢወፍር ምን አለበት? ቡናው፣ ምሳው፣ መኝታው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። ገላቸውን አንድ የለመዱት ሰው ይጠባቸው፤ «አሁን እግርዎን ላጥብ» እያለ። ሳይነገራቸው ውኃ ቢፈስባቸው ይደነግጣሉ፤ ይማታሉም። ምድጃውን ብቻቸውን እንዲጠብቁ አታድርጉ።

መጥፋትስ? አንድ ማታ እናቲቱ ወጥተው በወንዙ አፋፍ ተገኙ። ጎረቤቱ «እሰሯቸው» አለ። እንዲህ የሚያደርግ ቤት አለ፤ ነውር ነው። ሰው ጥጃ አይደለም። ምራቲቱ ፊደል ከቆጠረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። መርፌና ክር አነሣች። በእናቲቱ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውንና የባሏን ስልክ ቁጥር በጥልፍ ጻፈች። ለእረኞቹም ነገረቻቸው። እናንተም ይህን መጻፍ ትችላላችሁ።

በሆላንድ አገር ዌስፕ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሆገቫይክ የሚባል መንደር ተከፈተ። የሚኖሩበት የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በየቤቱ ስድስት ሰባት ሆነው ይኖራሉ። ወጥ ቤት፣ ሱቅ፣ የአትክልት ቦታ አለ። አስታማሚዎቹ የሐኪም ልብስ አይለብሱም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተሠራው ቤት እንዲመስል ነው። በእኛ ገጠር ቤቱ አለ። የሚጎድለው እረፍት ነው።

የሚታመመው አንድ፣ የሚደክመው አንዲት ሴት ናት። ምራቲቱ ሌሊት አትተኛም ነበር። ከተማ ያሉት ልጆች ገንዘብ ይልካሉ፤ ገንዘብ ግን ሌሊት ተነሥቶ በር አይዘጋም። በስንት ንግግር አሁን ሴት ልጃቸው በወር አንድ ሳምንት መጥታ ትይዛቸዋለች። ጎረቤቶችም በገበያ ቀን ይቀመጡላታል።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። እናቲቱ የምራታቸውን ስም ረስተዋል። «አንቺ ልጅ» ነው የሚሏት። ገንዘቡም ጠፍቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ጎታው ሥር ይፈልጉ ነበር።