የምናስረውና የምናጠልቀው ምን ይናገራል?



አዲስ ገቢ ቤተሰብ ኡልፓን ገብቶ አሌፍ ቤት ሳይቆጥር የሚያጋጥመው ሌላ ጽሑፍ አለ። ይኸውም ሰው በራሱ፣ በአንገቱ፣ በእጁና በቦርሳው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። በአውቶቡስ ፌርማታ ቆመን ብንመለከት አንዱ ጥቁር ኪፓ፣ ሌላው ባለ ቀለም የክር ኪፓ አድርጓል። አንዲት ሴት ፀጉሯን ሸፍናለች፣ ወጣቷ በአንገቷ ማጌን ዳቪድ አንጠልጥላለች፣ የወታደሩ ኩምታ በትከሻው ላይ ተሰክቷል። እያንዳንዱ ስለ ባለቤቱ እምነት፣ ወገን ወይም አሳብ የሚናገረው ነገር አለ። በዚህ እትም ስለነዚህ ነገሮች ልናወያያችሁ ፈልገናል።

በአገር ቤት የምናውቀው

እኛ ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ሰው የማን ወገን እንደሆነ ከሩቅ ይለያል። ክርስቲያኑ በአንገቱ ማተብ ያስራል፣ ቤተ እስራኤል አያስርም። ቄሶቻችን ነጭ ጥምጥም ይጠመጥማሉ፣ ጭራ ይይዛሉ። ነጠላም ቢሆን አለባበሱ ይናገራል። ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገቱ አዙሮ የለበሰ ሰው ሐዘን እንዳለበት ሳይጠየቅ ይታወቃል፤ ነጠላውን ያደገደገ ደግሞ ለታላቅ ሰው አክብሮቱን እየገለጸ ነው። ይህን ማንም በትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ከእናት ከአባታችን እያየን ያደግንበት ነው።

እዚህ ግን ምልክቶቹ ሌሎች ናቸው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለሚውሉ ከእኛ ቀድመው ያውቋቸዋል። ወላጅ ያልገባውን ነገር ልጁ አድርጎት ወደ ቤት ሲገባ ጠብ የሚነሳው ከዚህ የተነሳ ነው።

በራስ ላይ የሚደረገው

ከክር የተሠራው ኪፓ በዕብራይስጥ «ኪፓ ስሩጋ» ይባላል። ይህን የሚያዘወትሩት በአብዛኛው ጽዮናውያን ሃይማኖተኞች ናቸው። ብዙ የማኅበረሰባችን ልጆች የተማሩባቸው የመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም የዚህ ወገን ናቸው። ጥቁር የከፋይ ወይም የጨርቅ ኪፓ በብዛት የሐረዲም ነው። ራስን በሙሉ የሚሸፍን ትልቅ ነጭ የክር ኪፓ ጽሑፍ ያለበት ብታዩ ደግሞ የብሬስሎቭ ተከታዮች ነው። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ ሁሉን ሰው መመደብ አይገባም። ኪፓ የሚያደርገው በምኩራብ፣ በመቃብር ሥፍራና በምዕራባዊው ግንብ ብቻ የሆነ ብዙ ሰው አለ።

ያገቡ ሃይማኖተኛ ሴቶች ፀጉራቸውን በሻሽ ወይም በባርኔጣ ይሸፍናሉ፤ ከሐረዲም ሴቶች ብዙዎቹ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያደርጋሉ። ስለዚህ እናቶቻችን እንደ አገራቸው ልማድ ሻሽ አስረው ሲሄዱ የሚያያቸው ሰው በሃይማኖት ምክንያት ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ቀይ ክርም ከማተብ ጋር አታመሳስሉት። ብዙ አይሁዶች ከክፉ ዓይን ይጠብቃል በማለት ያስሩታል፤ የእጅ ቅርጽ ያለውን ሐምሳንም እንዲሁ።

ልጃቸው ወታደር ለሆነ ወላጆች ኩምታውን ማወቅ ደስ ያሰኛል። ቀይ የጻንሐኒም፣ ቡናማ የጎላኒ፣ ወይን ጠጅ የጊቭዓቲ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ የናሐል፣ ጥቁር ደግሞ የታንከኞች ነው። ተዋጊ ወታደር የክፍሉን ኩምታ የሚቀበለው ረጅም የእግር ጉዞ ከፈጸመ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ኩምታውን ይዞ ሲመጣ በቤት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ብትሰጡት ይገባዋል።

ቀለምና ጽሑፍ

በዚህ አገር ሰው የፖለቲካ አሳቡንም በመኪናው፣ በቦርሳውና በልብሱ ላይ ያደርጋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በኖቬምበር 4 ቀን 1995 ከተገደሉ በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለስንብት የተናገሯቸው ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት፣ «ሻሎም ሐቬር»፣ በብዙ መኪናዎች ላይ ተለጠፉ። በ2005 መንግሥት ከጋዛ ሰፈራዎችን ሲያስወጣ ውሳኔውን የተቃወሙት ብርቱካናማ፣ የደገፉት ደግሞ ሰማያዊ ጥብጣብ ያስሩ ነበር። በዚያ በጋ አንድ ቁራጭ ጥብጣብ በቦርሳው ያሰረ ሰው ምንም ሳይናገር ወገኑን አስታወቀ ማለት ነበር።

ቢጫ ጥብጣብ የታገቱትን የማስታወሻ ምልክት ነው። በ2006 ለተማረከው ወታደር ለጊልዓድ ሻሊት እስኪመለስ እስከ 2011 ድረስ ታስሮለታል፤ ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላም በልብስ ላይ፣ በመኪናና በበር ላይ በየቦታው ይታይ ነበር። ይህ ቀለም ለማኅበረሰባችን ሌላ ሕመምም አለው። የአሽቀሎኑ ልጅ አበራ መንግሥቱ በሴፕቴምበር 7 ቀን 2014 ድንበር አልፎ ጋዛ ገባ፤ የተመለሰውም በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2025 ነው። በእነዚያ ከአሥር በላይ ዓመታት ብዙ ወገኖቻችን «ለእኛ ልጅስ ማን ያስርለታል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ፎቶግራፉን ይዘው አደባባይ የወጡት ቤተሰቡና ወዳጆቹ ያንን ጥያቄ ለአገሩ ሁሉ አሰምተዋል። ምልክት ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ ለማን እንደተደረገና ለማን እንዳልተደረገም የሚናገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በምርጫ ሰሞን ኮፍያ፣ ካናቴራና ስቲከር በነጻ ይታደላል። ነጻ ነገር አይጠላም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻላችሁ ከማድረጋችሁ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ኮፍያው የእነርሱ ቢሆንም ጽሑፉ ከእናንተ ራስ ላይ ሲታይ የእናንተ ቃል ይሆናል። ማንንም የመደገፍም ሆነ አሳባችሁን ለራሳችሁ የመያዝ መብት አላችሁ፤ ድምፅ የሚሰጠው በምሥጢር ነው። በድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ ግን የምርጫ ቅስቀሳ ማድረግ የተከለከለ መሆኑን አትርሱ። እንዲሁም ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖለቲካ ሰልፍ ላይ መገኘት አይፈቀድለትም።

ልጆቻችን

ከመርከዝ ክሊጣ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ። ወንድ ልጅ ጆሮውን ተበስቶ ይመጣል። ሌላው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አምባር ያደርጋል፤ አባት «የኢትዮጵያን ባንዲራ ትተን መጥተን!» ይላል። ልጁ ግን ቀለሙን ያገኘው ከሬጌ ሙዚቃ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለክፍል ጓደኞቹ «እኔ ከዚያ የመጣሁ ነኝ፣ አላፍርም» ማለቱ ይሆናል። በሌላ በኩል እናቱ ነጠላ ለብሳ ወደ አሴፋት ሆሪም ስትመጣ የሚያፍር ልጅ አለ። አምባር ያደረገውና በነጠላ ያፈረው ልጅ የሚጨነቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ እኔ ማን ተብዬ ልታይ? የሚል ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አምባሩን ከመበጠሳችሁ በፊት «ልጄ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት ልጁ ራሱ ትርጉሙን ሳያውቅ ጓደኛው ስላደረገ ብቻ አድርጎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ አብራችሁ ታጣራላችሁ። ትርጉሙን አውቆ የመረጠው ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን ስሙት። የማትቀበሉት ነገር ካለም ምክንያታችሁን ንገሩት፤ «በአገራችን ነውር ነው» ማለት ብቻ እዚህ ያደገን ልጅ አያሳምነውም። በትምህርት ቤት በኩል ግን ደንብ አለ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበትን ካናቴራ ያስለብሳሉ፤ ስለ ጌጥና ስለ ኪፓ ያላቸው ደንብ ስለሚለያይ በዓመቱ መጀመሪያ አስተማሪዋን መጠየቅ ይጠቅማል።

ነጠላችን

በሔሽቫን ወር በ29ኛው ቀን የሚከበረው ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። በዚያን ቀን በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ቄሶቻችን በባለ ቀለም ጥላ ሥር ይቆማሉ። በሌላ ቀን ነጠላ የማይነኩ ወጣቶችም በጂንስ ሱሪያቸውና በወታደር ልብሳቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ይመጣሉ። በዓመት አንድ ቀን መሆኑ አይናቅም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጥለቱ ወዴት ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ልጃችሁ የስቲከሩን ጽሑፍ ሲያነብላችሁ እናንተም ስለ ጥለቱ ንገሩት። እርሱ የመንገዱን ያስተምራችኋል፣ እናንተ የቤቱን ታስተምሩታላችሁ። ያን ጊዜ በአሴፋት ሆሪም ጓደኛው «እናትህ የለበሰችው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰው ያገኛል።