ዓባይ ላይ ያርፍ የነበረው አውሮፕላን በካርቶን ሲሠራ

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አይደለም። ስለ አውሮፕላን ነው። ያውም በላያችን ስለሚያልፈው ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ በእጅ ስለሚሠራው ትንሽ አውሮፕላን። «እኛ በየትኛው ሆዳችን ነው አውሮፕላን የምንሠራው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእሱም ወደ መጨረሻው መልስ አለኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቱም የኖረ ሰው ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበትን መቅረንን ያውቃል። ይህ ወንዝ በአንድ ወቅት የአውሮፕላን ማረፊያ እንደነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 1931 ኢምፔሪያል ኤርዌይስ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መስመር ሲከፍት፣ ከካርቱም እስከ ኪሱሙ ድረስ የነበረውን ጉዞ የሚሸፍኑት በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። በ1937 ደግሞ «ኢምፓየር» የሚባሉት ትልልቅ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ተነሥተው በካርቱም በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካዋ ደርባን መብረር ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም «ሶለንት» የተባለው ዓይነት እስከ 1950 ድረስ በዚሁ በዓባይ መስመር ሠርቷል።

ለምን በውሃ ላይ? ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ለትልቅ አውሮፕላን የሚሆን ማኮብኮቢያ በየቦታው አልነበረም። ወንዝና ሐይቅ ግን አለ። ስለዚህ የአውሮፕላኑን ሆድ እንደ ጀልባ አድርገው ሠሩት። ከጦርነቱ በኋላ ማኮብኮቢያው ሲበዛ የየብሱ አውሮፕላን ረከሰና የባሕር አውሮፕላኑ ዘመን አበቃ።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቅርብ ነገር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሜይ 1936 አገራቸውን ለቀው በእንግሊዝ አገር አራት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ በጁን 1940 ወደ ግብፅ ወደብ ወደ እስክንድርያ የተጓዙት «ሰንደርላንድ» በተባለ የባሕር አውሮፕላን ነበር። ከዚያ ወደ ሱዳን ተሻግረው ካርቱም ገቡ። ካርቱም እንደ ገቡ ግን ወዲያው አገራቸው አልገቡም። ግማሽ ዓመት ያህል ጠብቀው በጃንዋሪ 20 ቀን 1941 በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። ንጉሥም ቢሆን ሱዳን ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቋል ማለት ነው።

ይህ ሰንደርላንድ የኢምፓየሩ ወንድም ነው። ሁለቱንም የሠራቸው ሾርት ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ሰንደርላንድ ለጦር ኃይል የተሠራው ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 34.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 26 ሜትር ይሆናል። በዓለም ላይ ሞዴል መሥራት የሚወዱ ሰዎች ይህን አውሮፕላን በደንብ ያውቁታል። ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1959 ጀምሮ የላስቲክ ክፍሎቹን በሳጥን አድርጎ ሲሸጠው ቆይቷል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጣጥመዋል፤ ራሱ ቀለም ይቀባዋል።

የሳጥኑ ስኬል 1 ለ72 ነው። ካርታ ላይ እንደምናውቀው ዓይነት ስኬል ማለት ነው። ሞዴሉ ላይ ያለው 1 ሴንቲሜትር እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 72 ሴንቲሜትር ይሆናል። 72 የመጣውም ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል፣ ስድስት ጫማ ደግሞ 72 ኢንች ነው። በዚህ ስሌት ያ 34 ሜትር ክንፍ 48 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 የሆነ ሰው ደግሞ 2.4 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል።

ይህን ነገር ያስተማረኝ በካርቱም ደይም ሠፈር የማውቀው የአገራችን ልጅ ነው። የአንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ጠባቂ ነበር። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ያልተከፈተ የሰንደርላንድ ሳጥን ሰጠው። ልጁ መጀመሪያ ሊሸጠው ነበር። ገዢ ሲያጣ ከፈተው። እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም አንዱ አንድ ቀን ይደርሰው ይሆናል።

አንደኛ፣ ሙጫውን አላነሣም። የመመሪያውን ወረቀት ሁለት ቀን አነበበ፣ ቁርጥራጮቹንም ከቁጥራቸው ጋር እያመሳከረ ቆጠረ። ሁለተኛ፣ ላስቲኩን በሳሙና ውሃ አጠበው። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀርበት ቅባት ቀለም አያስይዝም። ሦስተኛ፣ ቁርጥራጮቹን ከማቀፊያቸው በእጁ አልገነጠለም። በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። አራተኛ፣ ከማጣበቁ በፊት እያንዳንዱን ደረቁን ገጥሞ አየው። የላስቲክ ሙጫ ላስቲኩን አቅልጦ ስለሚያዋሕድ፣ አንዴ ከያዘ በኋላ መመለስ የለም። በዚያ ላይ ሽታው ለጤና ጠንቅ ነውና በሩን ከፍቶ፣ ከከሰል ምድጃ ርቆ ነበር የሚሠራው። አምስተኛ፣ የሆዱን ሁለት ግማሽ ከመክደኑ በፊት የውስጡን ቀለም ቀባ። አንዴ ከተከደነ ብሩሽ አይገባማ!

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ክንፎቹ ገና አልተገጠሙም ነበር። ሁላችንም እንደምታውቁት ወጣን። ሳጥኑ እዚያው ቀረ። የመመሪያው ወረቀት ግን ከሰነዶቹ ጋር ታጥፎ አብሮት ወጣ።

በካምፕ ስንገናኝ ወረቀቱን አሳየኝና «ለልጆቹ የሚሆን ነገር አለው?» አለኝ። አለው እንጂ! በአገራችን ልጅ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና ሲሠራ ማን አስተማረው? እጁ ያውቃል። የሚጎድለው ልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ከራሽን ካርቶን ሰንደርላንድ ጀመርን። ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ትንሽ ስለሆነ ልኩን ከሒሳቡ አወጣን። 26 ሜትርን ለ72 ስናካፍል 36 ሴንቲሜትር። የጎኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሥለን ቆረጥን፣ በመሐሉ እንደ ጎድን አጥንት ክፈፎች አቆምን፣ ላዩን በወረቀትና በዱቄት ሙጫ ለበጥነው። ምላጩን የሚይዙት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው።

የሆዱ ሥር ላይ ስንደርስ ጥያቄ መጣ። ሥዕሉ ላይ ሆዱ ለስላሳ አይደለም፤ መሐሉ ላይ እንደ ደረጃ ተቆርጧል። ይህ ስሕተት አይደለም። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲሮጥ ውሃ ከለስላሳ ነገር ጋር ተጣብቆ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ደረጃው ውሃውን ከሆዱ ስለሚያላቅቀው፣ አውሮፕላኑ በፊተኛው የሆዱ ክፍል ላይ ብቻ እየተንሸራተተ ፍጥነት ያገኛል። ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች እንዲህ ያለ ምሳሌ በነፃ አናገኝም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ግን በሞተሮቹ ላይ ነው። አንድ ተማሪ አራት የውሃ ላስቲክ ክዳን ይዞ መጣ። ሲያዩት ያምራል፤ ልክ ሞተር ይመስላል። ለካነው፤ 3 ሴንቲሜትር ወርድ አለው። በ72 ሲባዛ 2 ሜትር ከ16 ይሆናል። የእውነተኛው «ፔጋሰስ» ሞተር ወርድ ግን 1 ሜትር ከ40 ገደማ ነው፤ ሞዴሉ ላይ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይመጣል። «ቲቸር፣ ማን ይለካዋል? ማንም አያውቅም እኮ!» አለኝ። ከኋላ የነበረች ልጅ ቀድማኝ «አሁን እኛ ለካነው አይደል እንዴ?» አለችው። ክዳኑ ቀረ። ወረቀት ጠቅልለው በ2 ሴንቲሜትር ሠሩት። በስኬል መሥራት ማለት ይኸው ነው፤ ትልቁም ትንሹም በአንድ ቁጥር ይተዳደራል፣ ደስ ያለን ነገር አይተልቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ይህ ሥራ ሆድ አይሞላም፤ ገንዘብም አያመጣም። ሳጥን ለመግዛት ብላችሁ ሳንቲም አውጡ አልልም። ነገር ግን በካምፕ ኑሮ አብዛኛው ነገር በሌላ ሰው እጅ ነው። ራሽኑ መቼ እንደሚመጣ፣ ፋይሉ የት እንደደረሰ፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት እኛ አንወስንም። ልጆቻችን ይህን እያዩ ያድጋሉ። አንድ ልጅ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ የጨረሰው ነገር ሲኖረው ግን «ማድረግ እችላለሁ» ማለትን በተግባር ይማራል። ማካፈልን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልገባው ልጅ በካርቶን ክንፍ ላይ ሲገባው አይቻለሁ።

የእኛው ሰንደርላንድ አሁን ክንፉ ላይ ነው። ከክንፎቹ ሥር የሚንጠለጠሉት ሁለት ተንሳፋፊዎች ገና አልተሠሩም። እነሱ ከሌሉ አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ሲያርፍ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እነሱ ሲያልቁ ሥሩን የሻማ ሰም ቀብተን በሳፋ ውሃ ላይ እናስቀምጠዋለን። ማየት የምትፈልጉ ወላጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ። ንጹሕ ካርቶን ያላችሁም አትጣሉት፤ ለልጆቹ ላኩልን። ቸር ያሰንብተን።