ኖች፦ ጎረቤት ሲጎትተው የሚነቃ ተቀባይ

ሴሎች ላይ ያሉ ብዙ ተቀባዮች በደም ተጉዞ ከሩቅ የመጣን ሆርሞን ያስተናግዳሉ። ኖች ግን የሚሰማው አጠገቡ ያለችውን ሴል ነው። መጀመሪያ የታወቀው ሰው ላይ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ቶማስ ሃንት ሞርጋንና ባልደረቦቹ ባጠኗቸው፣ የክንፋቸው ጠርዝ በተሸረፈ የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ነው።

አሠራሩ ይገርማል። ከሴሉ ወደ ውጭ የወጣው ረጅም ክንዱ ጎረቤት ሴል ላይ ካለ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ጎረቤት ሲጎትተው፣ ተሸፍኖ የነበረው መቆረጫ ቦታ ይገለጣል። አንድ ኢንዛይም ከውጭ ይቆርጠዋል፤ ጋማ ሴክሬቴዝ የተባለው ደግሞ ከሴሉ ሽፋን ውስጥ ይቆርጠዋል። የተለቀቀው ቁራጭ ራሱ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ዘረመሎችን ያስነሳል። እንደ ክብሪት ነው፤ አንዴ ከተጫረ ሁለተኛ አያገለግልም።

ከመቅኔ ተነስተው ደረት ውስጥ ወዳለው ታይመስ ዕጢ የሚገቡ ለጋ ሴሎች ገና መንገዳቸው አልተቆረጠም። እዚያ ከኖች ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኖች 1 ሲነካ፣ ቲ-ሴል የተባለ የበሽታ መከላከያ ሴል ወደ መሆን ያመራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት፣ የኖች 1 ዘረመል የጠፋባቸው አይጦች ታይመስ ውስጥ ቢ-ሴሎች የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች በዝተው ተገኙ።

ይኸው ትእዛዝ ማቆሚያ ሲያጣ ነው መዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቲ-ሴል አጣዳፊ ሉኪሚያ ከያዛቸው ሰዎች ከግማሽ በሚበልጡት ኖች 1 ላይ ለውጥ አለ። አንዳንዱ ለውጥ መቆረጫ ቦታውን የሸፈነውን መቆለፊያ ያላላና ተቀባዩ ማንም ሳይጎትተው ይቆረጣል። ሌላው ደግሞ ወደ ኒውክለስ የገባው ቁራጭ ቶሎ እንዳይወገድ ያደርጋል። ሁለቱ አንድ ሴል ላይ ሲገጥሙ ጉዳቱ ይብሳል።

ታዲያ ጋማ ሴክሬቴዝን ማገድ አይበቃም? ማገጃ መድኃኒቱ ለአልዛይመር ሲባል አስቀድሞ ተሠርቶ ስለነበር ብዙዎች ተስፋ አድርገውበት ነበር። ነገር ግን ኖች የአንጀት ሴሎችንም ይመራል። ሲታገድ ንፍጥ አመንጪዎቹ ይበዙና ከባድ ተቅማጥ ይከተላል። እኔን የሚስበኝ መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2009 የተዘገበው ነው፦ ዴክሳሜታዞን፣ ያ የቆየና ርካሽ መድኃኒት፣ ከማገጃው ጋር ሲሰጥ የአይጦቹ አንጀት ከጉዳቱ ተረፈ፤ ዴክሳሜታዞንን ይቋቋሙ የነበሩት የካንሰር ሴሎችም ተሸነፉለት።