የብረታ ብረት ኦክሳይድ ጋዝ ጠቋሚዎች፦ ጋዝን ከጋዝ የመለየት ፈተና

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ሰው በአፍንጫው ሊደርስበት አይችልም። እንዲህ ያለውን ጋዝ አስቀድመው ከሚያሳውቁ መሣሪያዎች መካከል በዋጋው ርካሽነት የሚመረጠው የብረታ ብረት ኦክሳይድ ሴንሰር፣ ማለትም ጋዝ ሲነካው የኤሌክትሪክ ጠባዩ የሚለወጥ ጠቋሚ ነው። መነሻው ጃፓን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ቴትሱሮ ሴያማና ባልደረቦቹ በዚንክ ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ጋዝን መለየት እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ በቲን ኦክሳይድ ለተሠራ ጠቋሚ የፈጠራ ባለቤትነት ጥያቄ አቀረበ።

ቲን ኦክሳይድ ከፊል አስተላላፊ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ከብረት ባነሰ ከመስታወት በበለጠ መጠን የሚያሳልፍ ቁስ ነው። ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የአየሩ ኦክስጅን በጥቃቅን ቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ተጣብቆ ኤሌክትሮኖቻቸውን ስለሚይዝ፣ ቁሱ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ይጨምራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲመጣ ግን ከዚያ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ኤሌክትሮኖቹን ስለሚያስለቅቅ ተቃውሞው ይቀንሳል። ነገሩ ሁሉ በገጽ ላይ የሚፈጸም በመሆኑ የቅንጣቱ መጠን ወሳኝ ነው። ኖቦሩ ያማዞኤና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት፣ የቅንጣቱ ስፋት ወደ 6 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ሲጠጋና ከዚያም ሲያንስ የጠቋሚው ንቃት እጅግ ያድጋል።

ይሁንና ንቃት ብቻውን አይበቃም፤ የአልኮል ትነትም ሆነ ሚቴን ያንኑ ተቃውሞ ስለሚቀንሱ፣ ጠቋሚው የትኛው ጋዝ እንደመጣ አይናገርም። ፓላዲየምን የመሰሉ አነቃቂ ብረቶች መጨመር በከፊል ይረዳል፤ ከሁሉ ይልቅ ብልሃት የሞላበት መፍትሔ ግን ሙቀቱን ራሱን ማፈራረቅ ነው። ኤምኪው-7 የተባለው ጠቋሚ ማሞቂያው ለ60 ሴኮንድ 5 ቮልት፣ ቀጥሎ ለ90 ሴኮንድ 1.4 ቮልት ይሰጠዋል፤ በጋለበት ጊዜ የተጠራቀሙበትን ጋዞች አራግፎ፣ በቀዘቀዘበት ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድን ይለካል። ዛሬ በሲሊከን ላይ የሚቀረጹ ደቃቅ ማሞቂያዎች ይህን ዑደት በሚሊሴኮንዶች ስለሚያከናውኑና ጥቂት ኃይል ስለሚፈጁ፣ ጠቋሚው በባትሪ ሊሠራ ችሏል።

አስቸጋሪው ቀሪ ሥራ እርጥበት ነው። የውሃ ትነት በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚሻማ፣ በደረቅ የቤተ ሙከራ አየር የተመሰከረለት ንቃት ድስት በሚፈላበት ማድ ቤት ሊዳከም ይችላል፤ ስለዚህ አንድ አዲስ ቁስ ሊመዘን የሚገባው በእንዲህ ያለው እርጥብ አየር ውስጥ ነው።