ጠገራ ብር በሚዛን ወይስ በዕድሜ?

አንዲት እናት ደሴ ላይ የእናታቸውን ድሪ ይዘው አንጥረኛ ቤት ገቡ እንበል። ከድሪው ላይ ጆሮ የተበየደለት ማርትሬዛ (ጠገራ ብር) ተንጠልጥሏል። አንጥረኛው ይመዝነዋል፤ 28 ግራም ገደማ፣ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር። ሒሳቡም በግራም ይሆናል። በማግስቱ ያው ጠገራ ኮምቦልቻ ላደረ እንግዳ «የ1780 ጥንታዊ ገንዘብ» ተብሎ ቢቀርብስ?

1780 በጠገራው ላይ ምስሏ የተቀረጸው ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ኋላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ የታተሙትም ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዘዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ዕድሜው ምንም አይነግርም። የድሮ ነጋዴዎች እንኳ ከቁጥሩ ይልቅ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች ይቆጥሩ ነበር። ፓሪስ የታተመው፣ 1887 ዓ.ም. የሚለው የምኒልክ ብር ግን ሰብሳቢ ከክብደቱ በላይ ይከፍልበታል። ይህን እያወቀ በግራም የሚገዛ ሰው ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም ዝምታው አያምርም። እንግዳው ይዞት ከአገር ሊወጣ ቢያስብ ደግሞ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።