የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ቺፕ ሠሪና ፋብሪካው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። ለቺፕ ሠሪ ኩባንያዎች ግን ይህ ብሂል ሁልጊዜ ይሠራልን?

ውድ አንባቢያን እንደምታውቁት ኤንቪዲያ የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ ንድፉን አውጥቶ ማምረቱን በዋናነት ለታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ይሰጣል። ኤኤምዲም እ.ኤ.አ. በ2009 ፋብሪካዎቹን ከራሱ ለይቷል። የሚገርመው፣ ቲኤስኤምሲን በ1987 የመሠረቱት ሞሪስ ቻንግ ቀደም ሲል ለ25 ዓመታት ያህል የዳላሱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ነበሩ። ያ የቀድሞ ቤታቸው ግን ፋብሪካውን አልለቀቀም። ለምን?

አንደኛው ምክንያት የምርቱ ዓይነት ነው። የኮምፒውተርና የስልክ አንጎል የሚሆነው ቺፕ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተካል። በመኪናና በማሽን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው፣ ሙቀት የሚለካው አናሎግ ቺፕ ግን አሥርና ሃያ ዓመት ይሸጣል። ስለዚህ የማሽኑ ዋጋ በእርጅና ቅናሽ ተቀንሶ ካለቀ በኋላም ማሽኑ ያመርታል፤ ትርፉም ለባለቤቱ ይቀራል።

ሁለተኛው የስፋት ሒሳብ ነው። ቺፕ የሚሠራበት ክብ የሲሊኮን ሳህን ከ200 ወደ 300 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ስፋቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ኩባንያው በዚህ መንገድ የአንዱ ቺፕ ወጪ፣ ከመታሸጉ በፊት፣ 40 በመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። በ2009 ከምኖርባት ዋይሊ ብዙም በማይርቀው ሪቻርድሰን ላቆመው ፋብሪካ፣ የከሰረውን የኪሞንዳን መሣሪያዎች በ172.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ገበያ ሲቀዘቅዝ መግዛት ማለት ይህ ነው!

ጉዳቱስ? ፋብሪካ ሥራ ቢፈታም መብላቱን አይተውም። ኩባንያው በ2023 ለግንባታና ለመሣሪያ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲያፈስ፣ ከዚህ ወጪ የሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ ከ2022ቱ 5.9 ቢሊዮን ወደ 1.3 ቢሊዮን ወረደ። በ2024 ኤሊየት የተባለው ባለድርሻ «ከገበያው ፍላጎት በላይ እየገነባችሁ ነው» የሚል ተቃውሞ በአደባባይ አሰማ።

እንግዲህ ስለ አገር ቤት ፋብሪካ ስንከራከርም መነሻችን «ይኑረን ወይስ አይኑረን» መሆን የለበትም። ማሽኑ ስንት ዓመት ያገለግላል? ሥራ ሳይፈታ የሚያቆየው ደንበኛስ ማን ነው? የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የጥገና ማዕከልና የአብራሪዎች ማሠልጠኛ አለው፤ የራሱን አውሮፕላኖችና ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ያስተናግድባቸዋል። ወርቁ የሚያደምቀው የራስ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሲለበስ ነው።

ቸር እንሰንብት።